ቡና መጋዘን ተቀምጬ የቡና እንክብል ገዛሁ

ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና መጋዘን ሒሳብ መያዝ ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ጠረጴዛዬ ከመስኮቱ ሥር ነው። ከጀርባዬ ጥሬ ቡና የታጨቀባቸው ጆንያዎች እስከ ጣሪያው ድረስ ተደርድረዋል፤ ቡና በሚገባበት ወራት አቧራው ደብተሬ ላይ ሳይቀር ይተኛል። እንግዲህ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው፣ በስልኬ ካገኘሁት ሻጭ «የአረንጓዴ ቡና ንጥር፣ ቦርጭ አጥፊ» የሚል ብልቃጥ በ3,200 ብር ያዘዝኩት። አረንጓዴ ቡና ማለት ያልተቆላ ቡና ማለት ነው። ጥሬ ቡና።

ብልቃጡ የደረሰ ዕለት ለቃሚዎቹ ሴቶች ለምሳ እየወጡ ነበር። ከመካከላቸው በዕድሜ የሚበልጡት፣ ቡና አሽትተው ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ የሚናገሩት እናት፣ ጠጋ ብለው ምን እንደያዝኩ ጠየቁኝ። አንዱን እንክብል በጣቶቼ ለያይቼ ዱቄቱን በደረሰኝ ጀርባ ላይ አፈሰስኩት። ወደ ቢጫ ያደላ ግራጫ ነው፤ ቢሰበሰብ አውራ ጣት ጥፍር አይሞላም። ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ቀመሱት፤ ቀጥሎ አሸተቱት።

«ልጄ፣ ይህ እኮ ጥሬ ቡና ነው» አሉኝ። «ያውም ዝናብ የመታው።»

እሳቸው ወደ ምሳቸው ሄዱ። እኔ ብልቃጡን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ ዋጥኩት። ሐኪም ዘንድ ግን ስለ ብልቃጡ ትንፍሽ አላልኩም። ከሁሉ የጎዳኝ ይህ ዝምታ ነው፤ ይህን የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ለእግር እብጠት ብዬ በሄድኩበት ምርመራ ነው። ቁመቴ 1.60 ሜትር፣ ክብደቴ 89 ኪሎ ነበር። ክብደትን በቁመት ስኩዌር ስታካፍሉት ወደ 35 ይመጣል፤ ከ30 በላይ ያለው ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። ሐኪሙ ግን ሚዛኑ ላይ ብዙ አልቆየም። አምስት ነገር ለካ። ወገቤ 104 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ለሴት ከ80 በላይ ሲሆን ያሳስባል። የደም ግፊቴ 142 በ90፣ በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬ 117፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ 208፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ደግሞ 46 ሆኖ ተገኘ። ከአምስቱ ሦስቱ ከልክ ከወጡ ሜታቦሊክ ሲንድረም ይሉታል። እኔ አምስቱንም ሞልቻለሁ። በትምህርት ቤት ዘመኔ እንኳን አምስት ከአምስት ያገኘሁበትን ቀን አላስታውስም።

«ስኳር ገና አልያዘዎትም፤ 126 ሲደርስ ነው የሚባለው» አለኝ ሐኪሙ። «ግን ደጃፍዎ ላይ ቆሟል።» የደም ግፊት ክኒን አዘዘልኝ፤ ስድስት ያህል ኪሎ ብቀንስ ብዙ ነገር እንደሚስተካከል ነግሮኝ ለሦስት ወር ቀጠረኝ። በሦስተኛው ወር ደግሞ የእህቴ ልጅ ሰርግ አለ። ቀሚሱ ተሰፍቷል። ስድስት ኪሎ በሐኪም መንገድ የሚቀንሰው መቼ ነው? እኔ አቋራጩን ፈለግሁ።

መጀመሪያ የሞከርኩት «የማቅጠኛ ሻይ» ነው። በአራት ቀን ሦስት ኪሎ ወረደልኝና ሚዛኑን ልስመው ምንም አልቀረኝም። በአምስተኛው ቀን ሆዴን ቆርጦኝ ከመጋዘኑ መጸዳጃ ቤት መውጣት አቃተኝ። በኋላ ከማሸጊያው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ሳነብ ዋናው ነገር ሰናመኪ ነው። አያቶቻችን ለድርቀት የሚያውቁት ቅጠል! ሰናመኪ የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው። የበላነው ምግብ እዚያ ሲደርስ ኃይሉ በቀጭኑ አንጀት ተመጥጦ አልቋል፤ የሚወጣው ውኃና ጨው ነው። የተቀነሰው ስብ አልነበረም ማለት ነው። ፖታሲየም የሚባለውንም ንጥረ ነገር ይዞ ይሄዳል፤ እሱ ሲጎድል ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምትም ይዛባል። ሦስቱ ኪሎ በሳምንቱ ውኃ ስጠጣ ተመልሶ መጣ።

ቀጥሎ የመጣው የቡናው እንክብል ነው። በወሩ መጨረሻ ክብደቴ በግማሽ ኪሎ ጨምሮ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ነው ሒሳብ ያዥነቴ ትዝ ያለኝ። ብልቃጡ ውስጥ 60 እንክብል አለ፤ እያንዳንዱ 400 ሚሊ ግራም። በድምሩ 24 ግራም ነው። 3,200 ብር ለ24 ግራም ማለት ኪሎው 133,333 ብር ነው። እኛ ቡና የምንቆጥረው በፈረሱላ ነው፤ በ17 ኪሎ ሲባዛ ፈረሱላው ከ2,266,000 ብር ያልፋል። ንጥር ከፍሬው የተጨመቀ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አይወዳደርም፤ ያም ሆኖ ይህን ዋጋ ለአሠሪዬ ብነግራቸው ቡና መላኩን ትተው እንክብል ወደ መሙላት ይገቡ ነበር።

የእንክብሉን ታሪክ ያጫወተኝ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ የሚማረው የወንድሜ ልጅ ነው። ጥሬ ቡና ውስጥ ክሎሮጄኒክ አሲድ የሚባል ነገር አለ፤ ሲቆላ አብዛኛው ስለሚጠፋ ነው ያልተቆላው የሚፈለገው። እስከዚህ እውነት ነው። በ2012 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሕንድ ውስጥ በ16 ሰዎች ላይ ብቻ ተደረገ የተባለ ጥናት ታተመ፤ ሰዎቹ በ22 ሳምንት ስምንት ኪሎ ያህል ቀነሱ ተባለ። የአሜሪካ ቴሌቪዥን አራገበው፤ እንክብሉም ዓለምን ሞላ። የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጉዳዩን ሲመረምር ግን የተሳታፊዎቹ ክብደት በመዝገቡ ላይ ደጋግሞ ተቀይሮ እንደነበር ገለጸ። ጥናቱን ያሠራው ኩባንያ በ2014 3.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ጽሑፉም በዚያው ዓመት ተሰረዘ። መዝገብ መደለዝ! እኔ አንድ ቁጥር ብደልዝ በማግስቱ ከሥራ እወጣለሁ። የተሰረዘው ጥናት ግን እስከ ዛሬ በየማስታወቂያው ላይ ይጠቀሳል፤ ከእኔ ብልቃጥ ጋር በመጣው ወረቀትም ላይ ነበረ።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ የከሰርኩት ገንዘብ ብቻ ነበር። ሰርጉ አምስት ሳምንት ሲቀረው አንዲት የማውቃት ሴት፣ በደግነት ነው የምላት፣ እሷን «ያቀለጣትን» ሰጠችኝ። ነጭ የፕላስቲክ ብልቃጥ ነው። የቅጠል ሥዕልና «መቶ በመቶ ከዕፅዋት» የሚል ጽሑፍ አለው። ከዚያ ውጪ የተክሉ ስም የለም፣ መጠኑ የለም፣ አምራቹ የለም። ይህኛው ሠራ። በሦስተኛው ቀን እንጀራ ሲቀርብልኝ እንደ ጠገበ ሰው ገፋ አደርገው ጀመር። ጨጨብሳ በቅቤ ታሽቶ ሲሸተኝ እንኳን ሆዴ አልተነሣም፤ ለእኔ ይህ ተአምር ነው። በአምስት ሳምንት ስድስት ኪሎ ወረድኩ። ቀሚሱም ገባልኝ።

ማታ ማታ ግን ትራስ ላይ ተኝቼ የራሴን ልብ እሰማው ነበር። አፌ ይደርቃል፤ እንቅልፍ የለም፤ የመጋዘኑን ሦስት ደረጃ ወጥቼ በሩን ተደግፌ እቆማለሁ። የቀጠሮዬ ቀን ግፊቴ ሲለካ 168 በ104 ሆነ። ሐኪሙ ድጋሚ ለካ። «ከሰጠሁዎት ክኒን ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የለም» አልኩት።

መዋሸቴ አልነበረም፤ መድኃኒት አልመሰለኝም። መድኃኒት ማለት ከፋርማሲ የሚገዛ፣ መራራ፣ የሚያስፈራ ነገር ነው። ይህ ቅጠል ነው። ሐኪሙም የነገርኩትን አምኖ የግፊት ክኒኔን መጠን ጨመረው። በሚቀጥለው ሳምንት መጣሁ፤ አልወረደም። ሌላ ክኒን ታከለበት። አንዱ እንክብል ግፊቴን ይሰቅላል፣ ሌላው ያወርዳል፤ ሁለቱንም በአንድ ብርጭቆ ውኃ እውጣለሁ።

ያዳነኝ ያው የወንድሜ ልጅ ነው። እስክርቢቶ ፍለጋ መሳቢያዬን ሲከፍት ብልቃጡን አየው። አገላብጦ አየና ዝም አለ። «አክስቴ፣ ይህን ለሐኪሙ አሳይተሻል?» አለኝ። በማግስቱ ራሱ ይዞኝ ሄደ፤ ብልቃጡን ከነ ክዳኑ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ሐኪሙ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ያስረዳኝ ይህንን ነው፦ ሲቡትራሚን የሚባል የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መድኃኒት ነበር፤ ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለአንጎል ምት እንደሚያጋልጥ ታውቆ በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ከወጣ በኋላ ግን «ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ» በሚሉ የማቅጠኛ ብልቃጦች ውስጥ ተደብቆ በምርመራ ደጋግሞ ተገኝቷል። ምልክቱ የአፍ መድረቅ፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የልብ መምታትና የግፊት መጨመር ነው። የእኔን ብልቃጥ ያስመረመረው የለም፤ ምልክቶቹን ግን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። እንክብሉን በተውኩ በሁለት ሳምንት ግፊቴ 136 በ86 ገባ፤ የታከለውም ክኒን ተነሣ። ከስድስቱ ኪሎ አራቱ እስከ ሁለት ወር ተመልሰው መጡ።

ተክሉ እውነተኛ ተክል ቢሆንስ? እሱም ዋስትና አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ በአንድ የማቅጠኛ ክሊኒክ ለሴቶች የተሰጠ የቻይና ዕፅ በስህተት አሪስቶሎኪያ በሚባል ሌላ ተክል ተተክቶ ከመቶ በላይ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ብዙዎቹም ንቅለ ተከላ አስፈለጋቸው። ኤፌድራ የሚባለውን ተክል አሜሪካ በ2004 ከማቅጠኛ ምርቶች አገደችው። ጋርሲኒያ የሚባለው የፍራፍሬ ልጣጭ ደግሞ በ1998 በ135 ሰዎች ላይ ለ12 ሳምንት ተፈትኖ ከባዶ እንክብል የተለየ ውጤት አላሳየም። አረንጓዴ ሻይ ሲጠጣ ምንም አይልም፤ ንጥሩ ግን በእንክብል በብዛት ሲወሰድ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 ስለዚህ አስጠንቅቋል። ራቅ ብዬ ለምን እሄዳለሁ? ጫትም ተክል ነው። ጅማ ውስጥ ሲቅም ውሎ ምሳና እራት የማያሰኘው፣ ግፊቱ ግን የወጣበት ሰው የማያውቅ አለ?

«የአሜሪካ ሥሪት ነው» የሚለውም አያጽናናችሁ። በአገሪቱ የ1994 ሕግ መሠረት እንዲህ ዓይነት ማሟያ እንደ መድኃኒት አስቀድሞ መሥራቱን ማስመስከር ሳያስፈልገው ለገበያ ይቀርባል። እኛ ዘንድ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መዝግቦት እንደሆነ ፋርማሲ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። አሁን ብልቃጥ የሚያሳየኝ ሰው ሲመጣ የማየው የተክሉን ሙሉ ስም፣ ቅጠሉ ነው ወይስ ሥሩ የሚለውን፣ ሚሊ ግራሙንና የአምራቹን አድራሻ ነው። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ምላሴ ላይ አይደርስም።

ከዕፅዋት ጋር ግን አልተጣላሁም። ስኳሬ 121 ሲደርስ ሐኪሙ ሜትፎርሚን አዘዘልኝ። የወንድሜ ልጅ እየሳቀ የዚህን ክኒን ዘር ነገረኝ፦ ጋሌጋ ከሚባል፣ አውሮፓ ውስጥ ለዘመናት ለመድኃኒትነት ካገለገለ ሐምራዊ አበባ ካለው ተክል ተነሥተው ነው የደረሱበት። ተክሉ እንዳለ ሲበላ መርዛማ ነው፤ ኬሚስቶች የተሻለውን ዘመዱን ሠርተው፣ በ1957 አንድ ፈረንሳዊ ሐኪም በስኳር ሕሙማን ላይ የሠራበትን ውጤት አሳተመ። ዛሬ እኔ የምውጠው 500 ሚሊ ግራም ተለክቶ የተቀመጠ ነው። ከነጩ ብልቃጥ የሚለየው ይህ ነው፤ ቅጠል አለመሆኑ አይደለም።

ከወጥ ቤቴ ደግሞ አብሽ አለ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የአብሽ ዱቄት ማታ በውኃ ዘፍዝፌ አሳድራለሁ፤ ጠዋት መራራውን ውኃ ከላዩ አፍስሼ ነጭ አረፋ እስኪያወጣ ድረስ እመታዋለሁ። በውኃ ቀጠን አድርጌ ያለ ስኳር እጠጣዋለሁ። ያ የሚዝለገለገው ነገር ውኃ የሚይዝ አሠር ነው፤ ሆድ ውስጥ አብጦ የምግቡን ስኳር ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ስለሚችል፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድም እንዲሁ፣ ሳይነግር እንዳይጀምር፤ ነፍሰ ጡር ደግሞ እንደ መድኃኒት ባትወስደው ይሻላል። እኔ ነግሬ ካርዴ ላይ «አብሽ» ተብሎ ተጽፎልኛል። ጉዳቱ አንድ ነው፦ ላቤ አብሽ አብሽ ይሸታል። ለቃሚዎቹ ከሩቅ ያውቁኛል።

ገብስም ተመልሶ ቤቴ ገብቷል። በገብስ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የሚባል አሠር በቀን 3 ግራም ያህል ሲገኝ ኮሌስትሮልን እንደሚቀንስ በደንብ የተረጋገጠ ነው፤ ስለዚህ ጠዋት በዳቦ ፋንታ የገብስ ቅንጬ ሆኗል። ጎረቤቴ ደግሞ ጥቁር አዝሙድ አመጣችልኝ። በሱም ላይ በትንንሽ ጥናቶች መጠነኛ የክብደትና የስኳር መቀነስ ታይቷል። የእሷ አሠራር ግን አንድ ቁንጥር አዝሙድ በሦስት ማንኪያ የጌራ ማር ነው። ማሩ እንዴት ያለ ማር መሰላችሁ! ወር ሙሉ በላሁት፤ አዝሙዱ የሠራውን ማሩ አፈረሰው። አሁን አዝሙዱን ዳቦዬ ላይ እነሰንሳለሁ፤ ማሩን ለእንግዳ አስቀምጫለሁ።

ሚዛኑን ያንቀሳቀሰው ግን ዘይት ነው። አንድ ቀን የቤቴን ወጪ እንደ መጋዘኑ ለመያዝ ወሰንኩ። ለአራት ሰው አምስት ሊትር ዘይት በ18 ቀን አለቀ። ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 69 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፤ ወደ 575 ካሎሪ ነው፣ ከዘይት ብቻ! በዐቢይ ጾም ደግሞ በ14 ቀን አለቀ። እኔ ጾሙን «ከዕፅዋት ስለምበላ ቀጥኜ እወጣለሁ» ስል ኖሬ በየዓመቱ ለፋሲካ ወፍሬ የምደርሰው ለካ ሽሮው በዘይት ላይ እየዋኘ ነበር። ቡና ላይ የምጨምረው ስኳር በቀን አምስት ስኒ፣ በየስኒው ሦስት ማንኪያ፣ 60 ግራም ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ሌላ 240 ካሎሪ። ስኳሩን በሁለት ሳምንት ተውኩት። ዘይቱ አሁን 31 ቀን ይቆያል። ባለቤቴ ለመጀመሪያው ወር ወጡን «የሆስፒታል ወጥ» ይለው ነበር።

ባጃጁንም ጠዋት ጠዋት ተውኩ። ከቤቴ እስከ መጋዘኑ በእግር ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው፤ በሳምንት ስድስት ቀን። በአሜሪካ 3,234 ለስኳር የተቃረቡ ሰዎች የተካፈሉበት፣ በ2002 የታተመ ጥናት አለ፦ ክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የተመደቡት ስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ሲቀንስ፣ ሜትፎርሚን የወሰዱት በ31 በመቶ ቀነሰላቸው። እሑድ እሑድ ወደ ጅሬን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ዳገት እወጣለሁ። የመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ውኃ የጫኑ አህዮች አለፉኝ።

በአሥራ አንድ ወር ከ87 ኪሎ ወደ 80 ወረድኩ። ወገቤ 95፣ ስኳሬ 102፣ ግፊቴ በአንድ ክኒን 128 በ82 ነው። ቦርሳዬ ውስጥ የምወስደውን ሁሉ፣ አብሹንም አዝሙዱንም ጭምር የጻፍኩበት ወረቀት አለ፤ ሐኪሙ «የሚወስዱት አለ?» ሲል አውጥቼ እሰጠዋለሁ። ባለፈው ቀጠሮ ከመጠየቁ በፊት እጁን ዘረጋ።

የነጩን ብልቃጥ ቀሪ እንክብሎች ለፋርማሲ ባለሙያው እንዲያስወግድልኝ ሰጥቻለሁ። የቡናው ብልቃጥ ባዶውን መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ለቃሚዋ እናት በቀደም አይተውት «ዛሬም አልጣልሽውም?» አሉኝ። ቀጣዩ ቀጠሮዬ ከጥምቀት በኋላ ነው። በዘይቱ ላይ ከባለቤቴ ጋር ገና እየተደራደርን ነን፤ እሱ 25 ቀን ይላል።